ነጩ እንዳይቃጠል፣ ጥቁሩ እንዳይጠፋ፦ በሰሜን ሸዋ ቪዲዮ ከሚቀርጹ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጥያቄዎቹ በብዛት የሚመጡት ሠርግ፣ ጥምቀትና ክርስትና ከሚቀርጹ ልጆች ነው። ከደብረ ብርሃን፣ ከመሐል ሜዳ፣ ከደብረ ሲና፣ ከአረርቲ። አጠያየቃቸው ይለያይ እንጂ ጉዳዩ አንድ ነው። ወይ የነጠላው ሽመና ይጠፋል፣ ወይ የሙሽራው ሱፍ ኮሌታውና ኪሱ አይለይም። አንዳንዴ ሁለቱም።

የሙሽራዋን ፊት ሳስተካክል ቬሎው ይቃጠላል፤ ቬሎውን ሳድን ፊቷ ይጨልማል። ምን ላድርግ?

መጀመሪያ ነገሩን በቁጥር እንየው። የብርሃን ልዩነት የሚቆጠረው በስቶፕ ነው። አንድ ስቶፕ በጨመራችሁ ቁጥር ብርሃኑ እጥፍ ይሆናል። ነጭ ቬሎና ጥቁር ሱፍ ጎን ለጎን፣ በአንድ ብርሃን ሥር ቢቆሙ ልዩነታቸው ከ4 እስከ 5 ስቶፕ ገደማ ነው። ይህንን ተራ ካሜራም ይችለዋል። ጣጣው የሚመጣው ቬሎው ፀሐይ ላይ፣ ሱፉ ጥላ ውስጥ ሲሆን ነው። ያኔ 3 ስቶፕ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይጨመራል። በተራ ፒክቸር ፕሮፋይል (ብርሃንና ቀለም የሚመዘገብበት ቅንብር) የሚቀርጽ ካሜራ እዚህ ጋ እጅ ይሰጣል።

ስለዚህ ካሜራውን ከመነካካታችሁ በፊት ሰዎቹን አንቀሳቅሱ። ሁለቱም ጥላ ውስጥ ይግቡ፤ ካልሆነ ሁለቱም ፀሐይ ላይ ይውጡ። ግማሽ በግማሽ የሆነ ቦታ አትምረጡ። በተለይ የዛፍ ቅጠል እየቆራረጠ የሚያሳልፈው ብርሃን ለፎቶ ያምራል፣ ለቪዲዮ ግን ፈተና ነው። ሙሽሮቹ በተራመዱ ቁጥር ፊታቸው ላይ ነጭ ነጠብጣብ ይዘዋወራል።

ጥላ ከሌለ ፀሐዩን ከኋላቸው አድርጉት። ቬሎው ትከሻው ላይ ትንሽ ያበራል፣ ፊታቸው ግን እኩል ይሆናል። ከዚያ ፊታቸውን በነጭ ነገር አብሩላቸው። ሪፍሌክተር ከሌላችሁ ጋቢ ዘርጉ። እውነቴን ነው። ሁለት ሚዜዎች አንድ ነጭ ጋቢ ወጥረው ከሙሽራዋ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ርቀው ቢይዙት፣ ከፍሬም ውጭ ሆነው፣ የዓይኗ ሥር ጥላ ይለሰልሳል። ፀሐዩ ጋቢው ላይ ማረፉን ብቻ አረጋግጡ። የብር ቀለም ያለውን ሪፍሌክተር በእኛ አገር ፀሐይ አልመክርም። ሰዉ ዓይኑን ይጨፍናል።

ኤዲቲንግ ላይ አስተካክለዋለሁ ብል ምን ችግር አለው?

ጥቁሩ ላይ ብዙም ችግር የለውም። ነጩ ላይ አለው። ሴንሰሩ ከአቅሙ በላይ ብርሃን ሲገባበት ሁሉንም በአንድ ቁጥር ይመዘግባል። የቬሎው እጥፋት፣ ጥልፉ፣ ዳንቴሉ ሁሉ እኩል ነጭ ይሆናል። ኤዲቲንግ ላይ ብትቀንሱት ግራጫ ይሆናል እንጂ ጥልፉ አይመለስም። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም የሚባለው እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል። ጥቁሩ ግን በአብዛኛው እዚያው አለ፤ ኖይዝ (ምስሉ ላይ የሚርመሰመስ ነጠብጣብ) ይዞ ይምጣ እንጂ ይወጣል።

አንድ ነገር ልጨምር። አንዳንድ ካሜራዎች፣ በተለይ ሶኒዎች፣ የነጭ ጣሪያ ከሚባለው ከ100 በመቶ በላይ እስከ 109 ድረስ ይመዘግባሉ። ኤዲቲንግ ስትከፍቱት የተቃጠለ ይመስላል። ፕሪሚየር በሚባለው የኤዲቲንግ ፕሮግራም ውስጥ ሃይላይቱን (ብሩሁን ክፍል) ዝቅ አድርጋችሁ ዌቭፎርሙን፣ ማለትም ጥቁሩን ከታች ነጩን ከላይ አድርጎ የሚያሳየውን ግራፍ፣ ተመልከቱ። ከላይ ያለው ጠፍጣፋ መስመር ተዘርግቶ ቅርጽ ካወጣ ተርፏችኋል። ጠፍጣፋ እንደሆነ ከወረደ በቃ፣ ሄዷል።

ስክሪኑ ላይ ቆንጆ ነበር፤ ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው ተቃጥሏል። ለምን?

ፀሐይ ላይ የካሜራ ስክሪን ማመን አይቻልም። ጠራራ ላይ ስክሪኑ ጨለማ ስለሚመስል ሳታውቁት ብርሃን ትጨምራላችሁ። ማታ ቤት ውስጥ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ዓይን ይላመዳል፤ ቁጥር ግን አይላመድም።

ዜብራ የሚባለውን፣ የመረጣችሁት የብርሃን መጠን ላይ የደረሰውን ቦታ በመስመር የሚያሳየውን፣ አብሩት። በተራው ፕሮፋይል አንዱን ዜብራ 100 በመቶ ላይ አድርጉት። ነጠላው ላይ መስመሮቹ ከታዩ መስመሩ እስኪጠፋ ብርሃኑን ቀንሱ። ሁለተኛ ዜብራ ካላችሁ ለፊት ተጠቀሙበት። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በብዙ መመሪያ ላይ ፊትን 70 ላይ አድርጉ ይባላል፤ ያ የነጣ ቆዳን አስቦ የወጣ ቁጥር ነው። ለጠይም ፊት ከ50 እስከ 60 ያለው ይበቃል። የጠይም ሙሽራ ፊት 70 ላይ ካስቀመጣችሁ ቬሎው ምን ቦታ ይቀርለታል?

ዜብራ የሌለው ካሜራ ከሆነ ሂስቶግራሙን፣ ብርሃኑን ከጥቁር (ግራ) እስከ ነጭ (ቀኝ) የሚደረድረውን ግራፍ፣ እዩ። የቀኝ ጠርዝ ላይ ተለጥፎ የቆመ ግድግዳ ካለ አንድ ነገር እየተቃጠለ ነው። ምን እንደሆነ ግን ሂስቶግራም አይነግራችሁም። የቆርቆሮ ጣሪያ ነጸብራቅ ከሆነ ተዉት። ቬሎው ከሆነ አትተዉት።

ሎግ ልጠቀም? ሁሉም ሰው በሎግ ቅረጽ ይለኛል።

ካሜራችሁ 10 ቢት ከሆነ አዎ። 8 ቢት ከሆነ እኔ አልመክርም፣ ቢያንስ ለሠርግ።

ምክንያቱን ላስረዳ። ሎግ የሚሠራው ሰፊ የብርሃን ልዩነትን ጨምቆ ፋይሉ ውስጥ በመክተት ነው። ኤዲቲንግ ላይ ደግሞ መልሳችሁ ትዘረጉታላችሁ። 8 ቢት ፋይል ለእያንዳንዱ ቀለም ያለው ደረጃ 256 ብቻ ነው። 10 ቢት 1,024 አለው። ያችኑ 256 ደረጃ ስትዘረጓት ሰማዩ ላይ መስመር መስመር ይወጣል። የጥር ሰማይ ደብረ ብርሃን ላይ ጥርት ያለ ሰማያዊ ነው፤ ደመና የለው፣ ምን የለው። ይህ መስመር ጎልቶ የሚታይበት ሰማይ ቢኖር እሱ ነው።

10 ቢት ካላችሁ ደግሞ ሎግን በሥርዓቱ ያዙት። እያንዳንዱ ሎግ የራሱ ቁጥር አለው። የሶኒ ኤስ ሎግ 3 መካከለኛ ግራጫን 41 ላይ፣ ነጭ ወረቀትን 61 ላይ ያስቀምጣል። ጣሪያው 94 አካባቢ ነው። ማለትም ነጠላው 61 ላይ ሲሆን ስክሪኑ ላይ ደብዝዞ ይታያል እንጂ አልጨለመም። ብዙዎች አንድ ስቶፕ ያህል ያስበልጡበታል፣ እኔም እንደዚያው አደርጋለሁ። ያኔ ነጠላው 70 ገደማ ላይ ይወጣል፣ ጥቁሩ ሱፍ ከኖይዝ ይላቀቃል፣ ከነጠላው በላይም ከ2 ስቶፕ የሚበልጥ ቦታ ይተርፋል። የፓናሶኒክ ቪ ሎግ፣ የካኖን ሲ ሎግ፣ የኒኮን ኤን ሎግ ቁጥራቸው ሌላ ነው። የሶኒውን ቁጥር ወስዳችሁ እነሱ ላይ አትጫኑት።

ሌላው፣ ሎግ ላይ ኢሶውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት የሚወስነውን ቁጥር) እንደፈለጋችሁ አታወርዱትም። ለምሳሌ የሶኒው ኤ7 ኤስ 3 በኤስ ሎግ 3 የሚነሳው ከ640 ነው፤ ሁለተኛው ንጹሕ ኢሶ 12,800 ነው። በመካከላቸው ያለው፣ በተለይ ወደ 12,800 የሚጠጋው፣ ከ12,800 የባሰ ኖይዝ አለው። ዳሱ ውስጥ መሽቶ ብርሃን ካነሰ 8,000 ላይ ከምትሰቃዩ በቀጥታ ወደ 12,800 ዝለሉ።

ያለኝ አሮጌ ካኖን ነው። ሎግ የለውም። ተስፋ አለኝ?

አለህ። በሰሜን ሸዋ ከተቀረጸው ሠርግ ስንቱ በእነዚህ ካሜራዎች እንደተቀረጸ አስቡት።

ፒክቸር ስታይሉን ኒውትራል ላይ አድርግ። ኮንትራስቱን እስከ ታች አውርደው፣ ሻርፕነሱንም ዜሮ አድርግ። ሳቹሬሽኑን ብዙ አትንካው፤ በ8 ቢት የወረደ ቀለም ሲመለስ ፊት ላይ ይበላሻል። ሃይላይት ቶን ፕራዮሪቲ የሚል ምርጫ ካለ ፀሐይ ላይ አብራው። ነጩን አካባቢ ያተርፍልሃል፤ በምላሹ ጥላው ላይ ትንሽ ኖይዝ ይጨምራል፣ ኢሶውም ከ200 በታች አይወርድም። ማታ ቤት ውስጥ አጥፋው።

ስለ 160፣ 320፣ 640 የሚወራውን ሰምተህ ይሆናል። እነዚህ ኢሶዎች በአሮጌ ካኖን ቪዲዮ ላይ ኖይዛቸው አነስ ማለቱ እውነት ነው። ግን ካሜራው የሚያደርገው ትንሽ ከፍ ባለ ኢሶ ቀርጾ በዲጂታል ዝቅ ማድረግ ነው። ስለዚህ ከነጩ በኩል አንድ ሦስተኛ ስቶፕ ትከፍላለህ። ጨለማ ቤት ከሆነ 320ና 640ን ተጠቀም። ነጠላ የለበሰ ሕዝብ ጠራራ ላይ ከሆነ 100ና 200 ይሻላሉ።

ኒኮን ያላችሁ፣ ከ2014 ወዲህ በወጡት እንደ ዲ750 ባሉት ላይ ፍላት የሚል ፒክቸር ኮንትሮል ታገኛላችሁ። እሱን ያዙ።

ኤንዲ ፊልተር ስንት ይበቃኛል?

ኤንዲ ሌንሱ ፊት ላይ ተገጥሞ ብርሃን የሚቀንስ ጥቁር መስታወት ነው። ሂሳቡ ቀላል ነው። በጠራ ፀሐይ ትክክለኛው ብርሃን ኢሶ 100፣ ሻተር (አንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ) 1/100 ሰከንድ፣ ኤፍ (የሌንሱ ቀዳዳ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ይሰፋል) 16 አካባቢ ነው። እናንተ ግን በ25 ፍሬም ስለምትቀርጹ ሻተሩ 1/50 ይሆናል፤ ይህ 1 ስቶፕ ይጨምራል። ከኋላ ያለው እንዲደበዝዝ ሌንሱን ኤፍ 2.8 ላይ ስትከፍቱ 5 ስቶፕ ይጨመራል። ድምሩ 6 ስቶፕ፣ ማለትም ኤንዲ 64 ነው። ሎግ ተጠቅማችሁ ኢሶው 800 ላይ ከታሰረ ሌላ 3 ይመጣል። 9 ስቶፕ፣ ኤንዲ 512።

በብዛት የሚሸጠው የሚዞረው ኤንዲ ከ2 እስከ 5 ስቶፕ ያለው ነው። እሱ ብቻውን አይበቃም። ሌንሱን ወደ ኤፍ 11 ዝጉ ወይ ጠንከር ያለ ቋሚ ኤንዲ ግዙ። የሚዞረውን እስከ መጨረሻው ስታዞሩት በሰፊ ሌንስ ላይ የመስቀል ቅርጽ ያለው ጥላ ይሠራል፤ ከመጨረሻው በፊት አቁሙት። ርካሽ ጠንካራ ኤንዲ ደግሞ ኢንፍራሬድ ስለሚያሳልፍ ጥቁሩን ሱፍ ቡኒ ያደርገዋል። ሙሽራው የገዛው ጥቁር ሱፍ ነው፤ ቡኒ ሆኖ ቢያየው ይጠይቃችኋል።

ለቀረጻ የሚሻለው ሰዓት የትኛው ነው?

ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከ10 ሰዓት በኋላ። ይህን ሁሉም ያውቀዋል። ብዙ የማይባለው ግን ከፋሲካ በኋላ ያለው ሠርግ ጉዳይ ነው። ሰሜን ሸዋ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 10 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ፣ በሚያዝያ መጀመሪያ ሳምንት አካባቢ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ አናት ላይ ቀጥ ብላ ትቆማለች። የዓይን ጉድጓድ ይጨልማል፣ አፍንጫና ግንባር ያበራል፣ ትከሻ ላይ ያለው ነጠላ ይቃጠላል። የጥር ሠርግ ከዚህ ይሻላል፤ በጥር ፀሐይ በእኩለ ቀንም ወደ ደቡብ ታጋድላለች።

ከፍታውም የራሱ ድርሻ አለው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስና ንጹሕ ነው፣ ብርሃን የሚበትን አቧራና እርጥበት ያንሳል። ስለዚህ ፀሐዩ ይበረታል፣ ጥላው ይጠቁራል። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር አካባቢ ስትወርዱ ሙቀቱ ይብሳል እንጂ አየሩ ጭጋጋማ በሆነ ቀን ጥላው ይለሰልሳል።

ጥምቀት ላይ ካህናቱ ጃንጥላ ሥር ናቸው፣ ሕዝቡ ፀሐይ ላይ ነው። ለየትኛው ላስተካክል?

ለታቦቱና ለካህናቱ። ግን ሕዝቡን ሙሉ በሙሉ አትሠዉት። ምንጃር ኢራንቡቲን የመሰለ ሜዳ ላይ ፍሬሙ ግማሽ በግማሽ ነጭ ነጠላ ነው። ከሩቅ ስትቀርጹ ለነጠላው አስተካክሉ፤ ጃንጥላው ሥር ትንሽ ይጨልም። ቀርባችሁ ስትቀርጹ ለፊት አስተካክሉ፤ ከኋላ ያለው ሕዝብ ትንሽ ይብራ። ሁለቱን በአንድ ሾት ለማዳን ስትታገሉ ሰልፉ ያልፋችኋል። አውቶ ኢሶ ግን ይጥፋ። ነጭ የለበሰ ሰው ከፊት ባለፈ ቁጥር ምስሉ ይጨልማል፣ ሲያልፍ ይበራል፤ ይህ ኤዲቲንግ ላይ ለማስተካከል አሰልቺ ነው።

መንዝ ውስጥ የድንጋይ ቤት ገብቼ ቡና ሲፈላ መቅረጽ እፈልጋለሁ። በሩ ይቃጠላል፣ ቤቱ ይጨልማል።

በሩን ከጀርባችሁ አድርጉት። ወይም ከጎን። ቡና የምታፈላዋን እናት በሩ አጠገብ፣ ብርሃኑ በአንድ ጎኗ እንዲመጣ አድርጋችሁ አስቀምጧት። ጀበናው ላይ ያለው ጥቁር ያበራል፣ ጭሱ ይታያል፣ ግድግዳው ቀስ እያለ ወደ ጨለማ ይሄዳል። ይህ የሚያምር ጨለማ ነው፤ ለማብራት አትሩጡ። ሁሉም ጥግ መታየት አለበት ያለ ሰው የለም።

በሩ የግድ ፍሬም ውስጥ ከገባ ግማሹን ገርበብ አድርጉት ወይም ነጭ ነጠላ ጋርዱበት። ባትሪ ያለው ትንሽ ኤልኢዲ ካላችሁ ወደ ሰውየው ሳይሆን ወደ ግድግዳው ወይም ወደ ጣሪያው አብሩት። ጣሪያው በጭስ ከጠቆረ ግን አይመልስላችሁም፤ ነጭ ጨርቅ ላይ አብሩ። ይህ ሁሉ አልሆን ካለ፣ በሩ ይቃጠል። ፊቷ ካማረ ተመልካች በሩን አያይም።

ጓሳ ላይ ጭላዳ ስቀርጽ እንስሳው ጥቁር ሆኖ ይወጣል፤ በጉም ቀን ደግሞ ሁሉም ግራጫ ነው።

ሁለት የተለያየ ነገር ነው። ጭላዳ ጠዋት ከገደሉ ሲወጣ ጫፉ ላይ ይቀመጣል፤ ከኋላው ሰማይ ብቻ ነው። ካሜራው ሰማዩን አይቶ ያጨልማል። የወንዱ ጎፈር ጥቁር ቡኒ ስለሆነ ዝርዝሩ መጀመሪያ የሚጠፋው ከዚያ ነው። ቦታ ቀይሩ። ከፍ ካለ ቦታ ሆናችሁ ወደ ታች ስትቀርጹ ከኋላው ሣር ይሆናል፤ ጎፈሩም የደረቱ ቀይ ቆዳም አብረው ይታያሉ። ጎን ለጎን የሚመጣ የጠዋት ፀሐይ ካገኛችሁ የጎፈሩን ፀጉር አንድ በአንድ ይለያል።

ጉም ግን ወዳጃችሁ ነው። ልዩነቱ ሁሉ ይጠብባል፤ ሎግም አያስፈልግም፣ እንዲያውም በጉም ሎግ መቅረጽ ያለ ምክንያት ኖይዝ መጨመር ነው። ካሜራው ነጩን ጉም ግራጫ ሊያደርገው ስለሚሞክር አንድ ስቶፕ ያህል ጨምሩለት። ጉሙ 70 እስከ 80 ላይ ቢያርፍ ጥሩ ነው።

ጣርማ በር ዋሻ ውስጥ በመኪና እያለፍኩ ስቀርጽስ?

ለውጪው አስተካክላችሁ ቆልፉት። ዋሻው ይጨልም፣ መውጫው ላይ ገደሉና ሸለቆው ይታይ። አውቶ ላይ ከተዋችሁት ልክ ስትወጡ ለሁለት ሰከንድ ያህል ሁሉም ነጭ ይሆናል፤ ማየት የፈለጋችሁት ደግሞ እሷን ሁለት ሰከንድ ነበር።

በስልክ ለምቀርጸውስ?

ስክሪኑን ነጩ ልብስ ላይ ተጭናችሁ ቆዩ፤ ይቆለፋል። ከዚያ ትንሽ ወደ ታች ሳቡት። ብላክማጂክ ካሜራ የሚባለው ነፃ አፕ ዜብራና ሂስቶግራም ይሰጣችኋል፣ ሻተሩንም 1/50 ላይ ያስይዛችኋል። የእኛ መብራት 50 ኸርትዝ ስለሆነ አምፖል ሥር በ1/60 ከቀረጻችሁ ምስሉ ሊርገበገብ ይችላል። አይፎን 15 ፕሮና ከዚያ በኋላ ያሉት ፕሮዎች ሎግ አላቸው፤ ፋይሉ ግን ስልኩን ቶሎ ይሞላል።

አስረክቤ ከሄድኩ በኋላ ደንበኛው "ጥቁሩ ሁሉ ጠፍቷል" አለኝ። በእኔ ኮምፒውተር ላይ ግን ይታያል።

ሁለት ቦታ ፈትሹ። አንደኛ፣ በቴሌግራም እንደ ቪዲዮ ልካችሁት ከሆነ ተጨምቋል። ጭመቃ መጀመሪያ የሚበላው ጥላውን ነው፤ ሱፉ ላይ ካሬ ካሬ ይወጣል። እንደ ፋይል ላኩት ወይም በፍላሽ ስጡት። ሁለተኛ፣ ኤክስፖርት ስታደርጉ ሌቭሉ ፉል (ብርሃኑ ከ0 እስከ 255) እና ሊሚትድ (ከ16 እስከ 235) የሚል ምርጫ ካለው ተመልከቱ። ፉል ሆኖ የወጣውን ቲቪው እንደ ሊሚትድ ካነበበው ከ16 በታች ያለው ሁሉ ጥቁር፣ ከ235 በላይ ያለው ሁሉ ነጭ ይሆናል። ሊሚትድ አድርጋችሁ ድጋሚ አውጡና በደንበኛው ቲቪ ላይ አንዴ እዩት።